ከባንዱ የወጣ ሮከር፣ ከለመድነው የወጣ አልበም፦ ከየቱ ልጀምር?

አንድ የሮክ ባንድ ለዓመታት ትወዳላችሁ። ድምፃዊው አንድ ቀን ብቻውን አልበም ያወጣል። ትከፍቱታላችሁ። ጊታሩ የለም። ድራሙ የለም። ያ ሁሉ ጩኸት የለም። «ሰውዬውን ምን ነካው?» ትላላችሁ። አንዳንዱ አድማጭ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘግቶ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይመለስና ከባንዱ ሥራ ሁሉ ያንኑ አልበም ያስበልጣል።

እዚህ የማወዳድረው እንዲህ ያሉትን ነው። ሁሉም የታወቁ ሮከሮች ናቸው። ሁሉም ከለመዱት መንገድ ወጥተዋል። አወጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ባንዱን ትቶ ታሪክ መተረኩን ይዟል። አንዱ ጩኸቱን ትቶ ድምፁን ይዟል። አንዱ ጭራሽ ሁሉንም ጥሎ ነው የሄደው። ስለዚህ «የቱ ይበልጣል?» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባንዱን ስትሰሙ የምትጠብቁት ምኑን ነበር? ግጥሙን? ምቱን? የድምፃዊውን ጉሮሮ? ያ ነገር ከሰውዬው ጋር አብሮ ከወጣ፣ ሌላው ቢቀየርም ትለምዱታላችሁ። እሱ ከቀረ ግን ተቺ ሁሉ ቢያወድሰው አይገባላችሁም።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክና ግጥም ለሚወድ

ብዙ ሳላስብ የምጠቁመው የብሩስ ስፕሪንግስቲንን «ነብራስካ» ነው፤ የ1982 ሥራ። ስፕሪንግስቲን መቼም ከጥንቱም በራሱ ስም ነው የሚያወጣው። «ሶሎ» ማለቱ ያከራክር ይሆናል። ግን ከኋላው ኢ ስትሪት ባንድ ነበር። ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ሳክስፎን፣ የጊታር ጋጋታ። በ1980 ያወጣው «ዘ ሪቨር» የተባለ ድርብ አልበም አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ወጥቶለታል። ሁሉም ከዚያ የሚበልጥ ነገር ሲጠብቅ፣ ሰውዬው በጥር 1982 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኮልትስ ኔክ በሚባል ቦታ፣ ቤቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ቁጭ አለ። ከፊቱ ባለአራት ትራክ (አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ) የካሴት መቅጃ። ሁለት ማይክ፤ የትኛውም መድረክ ላይ የማይጠፋው ዓይነት ሹር። በአብዛኛው ጊታር፣ ሃርሞኒካና ድምፁ። በቃ።

የቀዳው ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ነበር። ካሴቱን ያለ ማቀፊያ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ለሳምንታት ይዞት ዞረ። ከዚያ ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኖቹን ሞከራቸው። ዘፈኖቹ ደመቁ። ሲደምቁ ግን ውስጣቸው የነበረው ነገር ጠፋ። በመጨረሻ ያው ኪስ ውስጥ የተንገላታው ካሴት ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ። ያንን ካሴት ወደ ሸክላ መገልበጥ የድምፅ ባለሙያዎቹን አሳራቸውን አብልቷቸዋል።

ይህ ሁሉ በጆሮ ይሰማል። ቴፑ ከበስተጀርባ እሽሽ ይላል። ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ይመስላል፤ ኤኮፕሌክስ በሚባል የገደል ማሚቶ መፍጠሪያ ስላሳለፈው ነው። የርዕሱ ዘፈን በ1958 ሰው እየገደለ የዞረውን የቻርልስ ስታርክዌዘርን ታሪክ በራሱ በገዳዩ አንደበት ያወራል። አይጮኽም፣ አያለቅስም፣ አይፈርድም። ሌላ ዘፈን ላይ አንድ ፖሊስ አለ፤ ወንድሙ ጥፋት ሠርቶ ወደ ካናዳ ድንበር እየሸሸ ነው። ፖሊሱ ይከተለዋል። ይከተለዋል። ከዚያ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ የወንድሙ የኋላ መብራት እስኪጠፋ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህንን በሙሉ ባንድ፣ በሳክስፎን ታጅቦ አስቡት። አይሆንም።

የሚገርመው እዚያው ካሴት ላይ «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» የተባለው ዘፈን የመጀመሪያ ቅጂው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በባንድ ተጫውቶት ዓለምን አናወጠበት። አንድ ካሴት፣ ሁለት ተቃራኒ አልበም ወለደ ማለት ነው።

ስፕሪንግስቲንን የምትወዱት ሰው እንደ ደራሲ ስለሚስል ከሆነ፣ ከዚህ ጀምሩ። ግጥሙን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ስሙ፤ ካለዚያ አሥሩም ዘፈን አንድ ይመስላችኋል። የምትወዱት ግን ስታዲየም ሙሉ ሰው አብሮ የሚጮኽበትን ዝማሬ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ አንድም ቦታ አታገኙትም። በ2025 የወጣው የተስፋፋ እትም ባንዱ የሞከራቸውን ቅጂዎችም ይዟል። ሁለቱን ማስተያየት ጥሩ ትምህርት ነው። የኔ ምርጫ ያው ኪስ ውስጥ የዞረው ነው።

አንድ ባንድ፣ አንድ ዓመት

ለንጽጽር ከቢትልስ የተሻለ የለም። ባንዱ በ1970 ሲበተን አራቱም በዚያው ዓመት የየራሳቸውን አወጡ። ከአንድ ቤት የወጡ አራት ወንድማማቾች እንኳን እንዲህ አይለያዩም።

ፖል ማካርትኒ ቤቱ ባለአራት ትራክ መቅጃ አስገብቶ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም፣ ፒያኖውንም ራሱ ተጫወተ። በስሙ «ማካርትኒ» ብሎ በሚያዝያ አወጣው። ቀላል፣ የቤት ልብስ የለበሰ ሥራ ነው። አንዳንዱ ዘፈን ሳያልቅ የተተወ ይመስላል። በወጣበት ጊዜ ተሰድቧል፤ ዛሬ ብቻቸውን ክፍላቸው ውስጥ የሚቀዱ ወጣቶች እንደ አባታቸው ያዩታል።

ጆርጅ ሃሪሰን ተቃራኒውን ነው ያደረገው። በባንዱ ውስጥ ጆንና ፖል ቦታውን ስለያዙት ዘፈኖቹ ተጠራቅመውበት ነበር። «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» ሦስት ሸክላ ሆኖ ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር በሚወደው መንገድ ጊታር በጊታር ላይ፣ ገደል ማሚቶ በገደል ማሚቶ ላይ ደርቦበታል። የቢትልስ ዜማ የሚናፍቃችሁ ከሆነ ከአራቱ የሚቀርባችሁ ይሄ ነው። ሦስተኛውን ሸክላ ግን እንደ ምርቃት ቁጠሩት፤ አብዛኛው ጓደኛሞች ተሰብስበው ዝም ብለው የተጫወቱት ነው።

ሪንጎ ስታር በአንድ ዓመት ሁለቴ ወጣ፤ አንዴ ወደ ድሮ ዘመን ዘፈኖች፣ አንዴ ናሽቪል ሄዶ ወደ ካንትሪ። ደስ ይላሉ። መነሻ ግን አይሆኑም።

ጆን ሌነን ከሁሉም የራቀው ነው። በታኅሣሥ 1970 የወጣው «ጆን ሌነን/ፕላስቲክ ኦኖ ባንድ» በዝግታ በሚመታ ደወል ይጀምራል፤ የቀብር ደወል ነው የሚመስለው። ከዚያ ልጅ ሳለ ጥሎት የሄደውን አባቱንና ያጣትን እናቱን ይጣራል። እናቱ በ1958 መኪና ገጭቷት ነው የሞተችው። መጨረሻ ላይ መዝፈኑን ትቶ ይጮኻል። የጥበብ ጩኸት አይደለም፤ ጉሮሮ የሚሰነጥቅ ነው። በዚያን ወቅት አርተር ጃኖቭ ከሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ የልጅነት ቁስልን በጩኸት የማውጣት ሕክምና ጀምሮ ነበር። ሙዚቃው ፒያኖ ወይም ጊታር፣ የክላውስ ፎርማን ቤዝ፣ የሪንጎ ድራም ነው፤ ሌላ ብዙ የለም። ልብ በሉ፣ ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱ ያው የሃሪሰኑ ፊል ስፔክተር ነው። እዚያ ቤቱን በዕቃ የሞላው ሰው እዚህ ባዶውን ትቶታል። አንድ ዘፈን ላይ ሌነን የማያምንባቸውን ነገሮች በተራ ይዘረዝርና መጨረሻው ላይ ቢትልስን ራሱን ይጨምርበታል።

በአራቱ መካከል ምረጥ ብትሉኝ ሌነንን እመርጣለሁ። ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው አላውሰውም። የባንዱን ጣፋጭ ዜማ ፍለጋ የመጣ ሰው ሃሪሰንን ይያዝ።

ምትና ድምፅ ለሚወድ

ፒተር ጋብርኤል ጄነሲስን ጥሎ የወጣው በ1975 ነው። ጄነሲስ ያን ጊዜ ረጃጅም፣ ተረት የመሰሉ ዘፈኖች የሚጫወት ባንድ ነበር፤ እሱም የአበባ ጭምብል አጥልቆ መድረክ ላይ የሚወጣ ድምፃዊ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶሎ አልበሞቹ መንገድ ፍለጋ ናቸው። መንገዱን ያገኘው በሦስተኛው፣ በ1980 ነው።

ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። ድራመሮቹን ሲምባል (ከድራሙ ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን) እንዳይነኩ ከለከላቸው። በሮክ ሙዚቃ ሲምባል ክፍተት መሙያ ነው፤ ያ የብረት ድምፅ ሲጠፋ ባዶ ቦታ ይቀራል። ባዶውን ምን ሞላው? ከድራመሮቹ አንዱ ፊል ኮሊንስ ነበር፤ በጄነሲስ ውስጥ የጋብርኤልን ቦታ ተክቶ የሚዘፍነው ሰው ማለት ነው። ለንደን ታውንሃውስ ስቱዲዮ ውስጥ ኮሊንስ ድራሙን ሲመታ፣ ሙዚቀኞች ከቀረጻ ባለሙያው ጋር የሚነጋገሩበት ማይክ ክፍት ነበር። ማይኩ ለንግግር ስለተሠራ ትንሹንም ትልቁንም ድምፅ ጨምቆ እኩል ያደርጋል። የድራሙ ድምፅ በዚያ በኩል ሲመጣ ፈነዳ። ባለሙያው ሂዩ ፓጃም ደግሞ ድምፁ ገና ሳይበርድ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ አከለበት። ዱም! ከዚያ ዝም። ይህ ድምፅ የሰማንያዎቹን ፖፕ በሙሉ ወረሰው። ኮሊንስ ራሱ በ1981 በገዛ አልበሙ ተጠቀመበት።

የመጨረሻው ዘፈን በ1977 በፖሊስ እጅ ሳለ ለሞተው የደቡብ አፍሪካ ታጋይ ስቲቭ ቢኮ ነው። ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ በደቡብ አፍሪካ የቀብር ዝማሬ ይጀምርና በዚያው ይዘጋል። አሜሪካ ያለው አሳታሚው አልበሙን አይሸጥም ብሎ መለሰው። እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ።

የጄነሲስን ተረትና የመድረክ ትርዒት የምትወዱ እዚህ ትቸገራላችሁ። ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ የሚገርማችሁ ከሆነ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ የሚያስተምር የለም።

ከዚሁ ጎን የሬዲዮሄድ ባንድ ድምፃዊ የሆነውን የቶም ዮርክን «ዘ ኢሬዘር» ማስቀመጥ ይቻላል፤ 2006። ሬዲዮሄድ አልፈረሰም፣ ዮርክም አልለቀቀም፤ ጊታሩን አስቀምጦ ከኮምፒውተር ጋር ተቀመጠ እንጂ። ፕሮዲውሰሩም ያው የባንዱ ናይጅል ጎድሪች ነው። ቁርጥራጭ ምት፣ የፒያኖ ድግግሞሽ፣ ከፊት ደግሞ ጥርት ያለ ድምፁ። እውነቱን ለመናገር ይህ ያን ያህል መራቅ አይደለም። ሬዲዮሄድ በ2000 በ«ኪድ ኤ» ወደዚህ ዞሮ ነበር። ለዚህም ነው ለፈሪ ጀማሪ የማዘው፦ ከባንዱ ወጥቶ በሩ ላይ የቆመ አልበም ነው። ጊታር ካጣሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ግን ይለፈው።

ጸጥታ ለሚችል

አሁን ወደ ልቤ አልበም መጣሁ። ማርክ ሆሊስ የቶክ ቶክ ድምፃዊ ነበር። ቶክ ቶክ በ1982 ሲጀምር የሲንተሳይዘር ፖፕ ባንድ ነው፤ ሰው የሚጨፍርበት። በ1988 «ስፒሪት ኦፍ ኢደን» ሲወጣ ጭፈራው ጠፍቶ ረጃጅም፣ የሚቆሙና የሚነሱ ዘፈኖች መጡ። ሆሊስ በ1998 ብቻውን ሲመጣ ከዚያም አለፈ። በስሙ የተጠራው ይህ አልበም ብቸኛው የግል ሥራው ነው።

ስትከፍቱት ምንም የለም። ስልካችሁ የተበላሸ ይመስላችኋል። ሃያ ሰከንድ ገደማ ዝምታ ነው። ከዚያ ፒያኖ ይነካል፤ ቀስ ብሎ፣ ያልጠና ነገር እንዳይሰበር የፈራ ያህል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ የለም። ፒያኖ፣ የእንጨት ጊታር፣ ክላሪኔት፣ ባሱን፣ ፍሉት፣ ሃርሞኒየም። የተቀዳው በሁለት ማይክ ነው፤ እንደ ዛሬው ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ማይክ አልተደቀነም። ሁለቱ ማይኮች የሁለት ጆሮ ምትክ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ነፋሽ ግራችሁ ላይ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ሌላው ከኋላው ተቀምጦ ይሰማችኋል። ትንፋሹ ወደ ሸምበቆው ሲገባ ትሰማላችሁ። ሆሊስ ራሱ የሚዘፍነው ለአንድ ሰው ጆሮ ነው፤ ቃሉ ግማሹ አይለይም።

መሀል ላይ ከስምንት ደቂቃ የሚበልጥ ዘፈን አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ20 ዓመቱ ስለሞተ ወጣት ነው። የተወለደበትና የሞተበት ዓመት በርዕሱ ላይ ተጽፏል፦ 1895–1915። ሙዚቃው ልክ እንደ ዕድሜው ነው፤ ይሞቃል፣ ይፈጥናል፣ ይበተናል።

ከዚህ በኋላ ሆሊስ ከሙዚቃው ዓለም ገሸሽ አለ። በ2019 ሞተ።

ለማን ይሆናል? ድምፃዊን ከሚለው ይልቅ በሚተወው ለሚወድ ሰው። ከሌነን ጋር ሳስተያየው ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ግን የሌነን ባዶነት ያፋጥጣችኋል፣ የሆሊስ ያስቀምጣችኋል። እቃ እያጠባችሁ፣ መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙት አይደለም። ዳግመኛም እላለሁ፣ የቶክ ቶክን የዳንስ ዘፈኖች ብቻ የምታውቁ ከሆነ በቀጥታ ወደዚህ አትዝለሉ። «ስፒሪት ኦፍ ኢደን»ን መሀል አስገቡ።

ጉሮሮ ለሚወድ

ሮበርት ፕላንት በሌድ ዜፕሊን ዘመን የሮክ ትልቁ ጩኸት ነበር። ድራመሩ ጆን ቦነም በ1980 ሲሞት ባንዱ አበቃ። በ2007 ፕላንት ከብሉግራስ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ዓይነት) ዘፋኟና ቫዮሊን ተጫዋቿ አሊሰን ክራውስ ጋር «ሬይዚንግ ሳንድ»ን አወጣ። ሁለት ሰው ስለሆነ ሶሎ ነው ማለት አይቻልም፤ ከለመድነው መውጣት ከተባለ ግን ማን ይወዳደረዋል? ያ ጣራ የሚነቅል ድምፅ እዚህ ከሴት ድምፅ ሥር ገብቶ ሹክ ይላል። ፕሮዲውሰሩ ቲ ቦን በርኔት ጊታሩን ጭጋግ አስመስሎታል፣ ድራሙን ከሩቅ አምጥቶታል። ዘፈኖቹ በአብዛኛው የሌሎች ሰዎች የቆዩ ሥራዎች ናቸው።

ዜፕሊን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ተገናኝቶ ተጫወተ። ሕዝቡ ዓለምን ይዞራሉ ብሎ ሲጠብቅ ፕላንት እምቢ ብሎ ከክራውስ ጋር ዞረ። በ2009 አልበሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የግራሚ ሽልማት ወሰደ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለማንም ሰው ብትጋብዙት የማያሳፍር አንድ አልበም ይህ ነው። ሮክ የማይሰማ ሰው እንኳን ይወደዋል። የፕላንትን ጉሮሮ የምትወዱም አትከስሩም፤ ጩኸቱ ቀረ እንጂ ድምፁ አብሮት መጥቷል።

የክሪስ ኮርኔል «ስክሪም» ግን ሌላ ነገር ነው። የሳውንድጋርደን ድምፃዊ በ2009 ከሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰሩ ቲምባላንድ ጋር ሠራው። ብርቅ የሆነ ጉሮሮ ነበረው። አልበሙ ያንን ጉሮሮ በኮምፒውተር ምት ሥር ቀበረው። መሞከሩ አያስነቅፈውም፤ ግን ከእሱ የምንወደው ያው ድምፁ ነበር፣ የጠፋውም እሱው ነው። የኮርኔልን ብቸኛ ሥራ ለሚፈልግ የ1999ኙ «ዩፎሪያ ሞርኒንግ» ይሻለዋል።

በራሳችሁ ኃላፊነት

ኒል ያንግ በ1982 መጨረሻ «ትራንስ»ን ሲያወጣ ድምፁን ቮኮደር በሚባል መሣሪያ አሳልፎ እንደ ሮቦት ዘፈነ። ሰው ሳቀ። አሳታሚው ጌፈን በቀጣዩ ዓመት «የኒል ያንግን ሙዚቃ የማይመስል ሙዚቃ ሠራህ» ብሎ ከሰሰው። አንድን ሙዚቀኛ ራስህን አትመስልም ብሎ መክሰስ! ያንግ በኋላ እንደተናገረው ሥራው የመናገር ችግር ካለበት ልጁ ጋር ለመግባባት ከሚያደርገው ጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን አውቃችሁ ስትሰሙት ሮቦቱ አያስቅም። ዜማዎቹም ከተወራላቸው የተሻሉ ናቸው። ከቀድሞው «ሃርቨስት» አልበሙ በቀጥታ ለሚመጣ ሰው ግን ድንጋጤ ነው።

የሉ ሪድ «ሜታል ማሽን ሚውዚክ» (1975) ሁሉንም ጥሎ የሄደው ነው። ዘፈን የለም፤ ግጥም የለም፤ ምት የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ጊታር ከማጉያው ጋር ተፋጥጦ ሲጮኽ ነው። በሳምንታት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ። ይሁን እንጂ በ2002 አንድ የጀርመን የሙዚቃ ቡድን ኖታውን ጽፎ በቫዮሊንና በትንፋሽ መሣሪያዎች በርሊን ላይ ተጫውቶታል። ጩኸቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር አለ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ሞክሩት። ካልሆነ የ1972ቱ «ትራንስፎርመር» አለ።

ስትፈልጉትና ስትሰሙት

«ነብራስካ» በተራ ስፒከር ምንም አይሆንም፤ ሲጀመር በተራ ዕቃ የተሠራ ነው። ሆሊስን በሄድፎን፣ ጋብርኤልን በትልቅ ስፒከር። የስልኩን የዘፈን ተራ ማዘበራረቂያ (ሻፍል) በሁሉም ላይ አጥፉ። የሃሪሰን አልበም በ2021 በአዲስ ቅንብር ወጥቷል፤ የስፔክተር ገደል ማሚቶ ስለቀነሰ ድምፁ ይበልጥ ይለያል። መጀመሪያ ለሚሰማ እሱን እመክራለሁ። የሪድን በሸክላ የምትገዙ ደግሞ፣ አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ መርፌው እዚያው እየተሽከረከረ ስለሚቀር ካላነሳችሁት አያልቅም።

የጋብርኤልን ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞቹ ሁሉም «ፒተር ጋብርኤል» ነው የሚባሉት። የምትፈልጉት 1980 የሚለውን፣ ሽፋኑ ላይ ግማሽ ፊቱ የሚቀልጠውን ነው። ያንኑ አልበም በዚያው ዓመት በጀርመንኛም ዘፍኖ አውጥቶታል። የመጀመሪያው ዘፈን በማታውቁት ቋንቋ ከጀመረ፣ የያዛችሁት እሱን ነው።